«አለ» የምትለዋ የሮማ ሳንቲም በቆሰበር

መነሻ

ስሜ ሮማን ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የጥንት የሮማ ሳንቲሞችን እያገላበጥኩ በየትኛው ከተማ እንደተቀረጹ መለየት ነበር። በዚህ ያልቀለደብኝ ባልደረባ የለም። ሮማን ፍሬ ናት፣ ሮማ ከተማ ናት እያልኩ ማስረዳቱን ከተውኩት ቆይቷል። ሌላው የሚቀለድብኝ ነገር ጠርጣራነቴ ነው። እሱን ግን አላፍርበትም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያለው ሰው የእኔው ሙያ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ወደ አዊ የሄድኩት አንድ የማላውቀው ሰው ስለደወለልኝ ነው። አቶ ፈንታ ይባላል፤ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ስልኬን የሰጠው የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ጥበቃ ነው፤ የአገሩ ልጅ ነው።

«እትዬ ሮማን፣ አንዲት የጥንት ሳንቲም አለች» አለኝ። «መጥተው ሐሰት ናት ብለው ለወንድሜ ሚስት ይንገሩልን።»

«ሐሰት መሆኗን እርስዎ በምን አወቁ?»

«መሆን አለባት እንጂ።»

ነገሩ ሳይታይ ፍርዱን የሚያውቅ ሰው ያስፈራኛል። ዝም ብዬ አስወራሁት። ወንድሙ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። የወንድሙ ሚስት ወይዘሮ ትሁን አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ አለልኝ ይባላል። ልጁ በመተማ አድርጎ ሱዳን፣ ከሱዳን ግብጽ ገባ። ከዚያም ወደ ሊቢያ ተሻግሮ በጀልባ ሲሄድ ባሕር በላው የሚል ወሬ መጣ። ሽማግሌዎች ማልደው መርዶ ነገሯት፤ ለቅሶ ተቀመጠች። ለተዝካሩ እህል ሲሰናዳ ሙሉቀን የሚባል የልጁ ጓደኛ ከግብጽ ተመለሰና ሦስት ትንንሽ የመዳብ ሳንቲሞች «ልጅዎ የላከልዎ ነው» ብሎ ሰጣት። አንዷ ላይ «አለ» የሚል ጽሑፍ ተገኘ። ትሁን ከለቅሶዋ ተነሣች። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አይወጣም ብላ እህሉን ወደ ጎተራ መለሰችው።

ፎቶውን በስልክ ላከልኝ። ሳንቲሟ የድሮዋን አሥር ሳንቲም ብታክል ነው። በጀርባዋ አንድ ወታደር በእግሩ ቆሞ፣ ከፈረሱ ላይ እየወደቀ ያለ ሰው በጦር ይወጋል። ከምስሉ ሥር መስመር አለ፤ ከመስመሩ በታች በላቲን ፊደል ኤ፣ ኤል፣ ኢ ተጽፏል፤ ከጎናቸው አንዲት ሌላ ፊደል አለች። በስልክ መልእክት አማርኛን በላቲን ፊደል ለለመደ ልጅ ይህ «አለ» ነው። ያነበበችላትም የጎረቤት ተማሪ ነበረች። ደግሞም የልጁ ስም አለልኝ ነው። ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ የቀረም ይመስላል።

ለእኔ ግን እነዚያ ፊደሎች ሌላ ነገር ናቸው። የሮማ ነገሥታት ሳንቲም የሚያስቀርጹት በአንድ ከተማ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ከተማ የስሙን መጀመሪያ ከምስሉ ሥር ያኖራል። ኤ፣ ኤል፣ ኢ እስክንድርያ ናት። ሳንቲሟ እውነተኛ ከሆነች ማለቴ ነው። ዛሬ የትም አገር ያለ ሰው ከአውሮፓ የወጣ የሮማ ሳንቲም በየዓይነቱ ተደባልቆ በከረጢት መግዛት ይችላል። የቀሩት ሁለቱ ሳንቲሞች ሰሜን ጫፍ ባሉ ከተሞች የተቀረጹ ከሆኑ፣ ሙሉቀን የሚባለው ልጅ ከመንገድ ገዝቶ እናቲቱን አታሏል። ሁሉም የእስክንድርያ ከሆኑ ግን ከግብጽ አፈር የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ደግሞ በፎቶ አይቶ መመስከር አይቻልም፤ ሳንቲሞቹን በእጅ ይዞ መመርመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ደዋዩ ራሱ ነበር። ልጁ ከሞተ መሬቱ ወደ ማን ይሄዳል? አጎትየው ሐሰት ናት እንድልለት ለምን ቸኮለ? ለጉዞዬ ልክፈል ሲለኝ እንቢ አልኩ። የከፈለልኝ ሰው ቃሌንም የገዛ እንዳይመስለው ብዬ ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ቆሰበር

በዓባይ በረሃ የሚያልፈው መንገድ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው ስለተባልኩ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄድኩ። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቆሎ ዘርግታ ብትጋብዘኝ አልፈልግም አልኳት። ከማላውቀው ሰው እጅ በመንገድ ላይ አልበላም። መራዊን አልፈን ስንሄድ ሆዴ ይጮህ ጀመር፤ እሷም እያየችኝ ቆሎዋን ቆረጠመች።

አንድ ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። ወጣቱ ፈታሽ ከቦርሳዬ አጉሊ መነጽሬን፣ የጥርስ እንጨቶቼንና ትንሿን ሚዛኔን አወጣ።

«ይህቺ የወርቅ ሚዛን ናት» አለ።

«የሳንቲም ናት።»

«ሳንቲም ይቆጠራል እንጂ ይመዘናል እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ብናደድም ልጁን ወደድኩት፤ እንደ እኔ ጠርጣራ ነው። ደጋግሞ ካየ በኋላ መለሰልኝ።

ዳንግላ ላይ ሾፌሩ ለምሳ አቆመ። ሽሮ በሚጥሚጣ በላሁና የቆሎዋን ጉዳይ ረሳሁት። ከዳንግላ ወዲያ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ አረንጓዴው እየወፈረ ሄደ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የአገሩ ሰው ዲከረንስ ይለዋል። ገበሬው ከገብስና ከድንች ማሳው ላይ ቆርሶ ይተክለዋል፣ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል። የከሰል ማዳበሪያዎች አፋቸው በሣር ተጠቅጥቆ በየአስፋልቱ ዳር ተደርድረዋል። አዲስ ቅዳምን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ጉም ገጠመን።

እንጅባራን የአገሩ ሰው አሁንም ቆሰበር ይላታል። መግቢያዋ ላይ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸውን በላስቲክ ሸፍነው ይጠብቃሉ። ሚኒባሱ ፍጥነቱን ሲቀንስ አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ሴት በካፊያው ውስጥ ወደ መስኮቱ ተጠግታ የእያንዳንዳችንን ፊት አየች። ቦርሳዬን ወደ ጉያዬ አስገባሁ። መኪናው እንደቆመም ከኋላችን ወደሚመጣው ሌላ መኪና ዞረች።

አቶ ፈንታ አንድ ቀይ ፈረስ በልጓም ይዞ ጠበቀኝ። ስድሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ጠይም፣ ረጅም፣ ዓይኑን የማያሳርፍ ሰው ነው። ፈረሱ ተወልውሎ ያበራል።

«የእርስዎ ነው?» አልኩት።

«የአለልኝ ነው።»

ፈረሱን አስቀድሞ ወስዷል ማለት ነው ብዬ በልቤ ያዝኩት። ቦርሳዬን ኮርቻው ላይ አስሮ ግምጃ ቤት ወደምትባል ትንሽ ከተማ በሚወስደው መንገድ ገባን። እሱ አልተቀመጠበትም፤ እየጎተተው በእግሩ ሄደ። ፈረስ ይዞ በጭቃ በእግሩ የሚሄድ ሰውም ገረመኝ።

የትሁን ቤት

ቤቱ ከመንገዱ በላይ፣ የከሰል ጢስ ከሚትጎለጎልበት ደን አጠገብ ነው። ትሁን አልነበረችም። ፈንታ ከጎረቤት ከመጣች ሴት ጋር በአገውኛ ዝግ ብለው ይነጋገሩ ጀመር። ይነጋገራሉ፣ ያዩኛል፣ ደግሞ ይነጋገራሉ። በማላውቀው ቋንቋ በፊቴ ሲመከር ደስ አይለኝም። ምን ሊያደርጉኝ ነው የሚመክሩት ብዬ ተነሥቼ ልወጣ ስል ሴትዮዋ በአማርኛ፣ «ድንች በሚጥሚጣ ይበላሉ ወይ? ጨጓራ ይኖርብዎት እንደሆን ብለን ነው» አለችኝ። ለካ ምክሩ ስለ ጨጓራዬ ኖሯል። ድንቹ በጣም ጥሩ ነበር።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ነጠላዋ ረጥቧል። መስኮቱ ላይ ያየኋት ሴት ናት። ቦርሳዬን የሸሸግሁባት ሴትዮ ትሁን መሆኗን ሳውቅ ፊቴ ጋለ።

«ዛሬም ወጣሽ?» አላት ፈንታ።

«ወጣሁ። አልመጣም» አለች፤ ወደ እኔ ዞራም፣ «እንዴት ዋሉ፣ እመቤቴ። አይቻለሁ እኮ ከመኪናው ላይ» አለችኝ።

ሳንቲሞቹን ከአንገቷ ላይ በክር ካንጠለጠለችው ትንሽ ጨርቅ አወጣችልኝ። ብርሃን እንዲሆነኝ ደጃፉ ላይ ያለው መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ፈንታ ከጀርባዬ ቆመ፤ እሷ ፊት ለፊቴ። የሁለቱም ትንፋሽ ይሰማኛል። ሁለቱም ከእኔ አንድ ቃል ይፈልጋሉ፣ ቃሉ ግን አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ጠርዟን አየሁ። በቅርጽ ቀልጦ የተሠራ ሐሰተኛ ሳንቲም ጠርዙ ላይ ስፌት መሳይ መስመር ይኖረዋል። የለም። መዘንኳት፤ ክብደቷ ደህና ነው። በፊደሎቹ መሐል የጠነከረ ነገር ነበር። በጥርስ እንጨት ሳነሣው ቢጫ አሸዋ ሆኖ ነጭ ወረቀቴ ላይ ወደቀ። የአዊ አፈር ቀይ ነው፤ ዝናቡም አይጠገብም። መዳብ እዚህ ምድር ውስጥ ዘመናት ቢቀመጥ በልቶ ይጨርሰዋል። ይህቺ ደረቅ አገር፣ አሸዋ ውስጥ የኖረች ናት።

ሁለተኛዋን በውኃ አርሼ ቀስ እያልኩ ጠረግሁ። እዚህ ላይ ነበር ሙሉቀንን እይዘዋለሁ ያልኩት። የሌላ ከተማ ፊደል እንዲወጣልኝ ጠብቄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ፈልጌም ነበር። መጀመሪያ ኤ ወጣ። ሌላ ከተማም በዚህ ፊደል ስለሚጀምር ገና አልተደሰትኩም፣ አልከፋኝም። ቀጥሎ ኤል ወጣ። የእስክንድርያ ናት። ሦስተኛዋ ተፍቃለች፤ ስለ እሷ አላውቅም አልኩ። የማላውቀውን አላውቅም ማለት ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ክፍል ነው።

«ሐሰት ናት፣ አይዶል?» አለ ፈንታ።

«እውነተኛ ናት።»

ከጀርባዬ ያለው ትንፋሽ ቆመ። ትሁን ግን አልተደሰተችም፤ ጠጋ ብላ ጣቷን ከምስሉ ሥር አደረገች።

«የእኔ ልጅ ፈረሰኛ ነበር» አለችኝ። «ይኸው እዚህ ላይ ወድቋል። ከሥሩ ግን አለ ይላል። ወድቋል፣ ግን አለ። እኔ የተረዳኝ እንዲህ ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎት። ምን ይላል?»

እንዲህ ያለ ንባብ ሰምቼ አላውቅም። በሙያዬ ይህ ምስል የንጉሡ ጦር ጠላቱን መጣሉን ያሳያል፤ ስንት መቶ ጊዜ አይቼው የወደቀው ሰው የማን ልጅ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ውሸት ግን አልዋሽም።

«አለ አይልም፣ እትዬ ትሁን» አልኳት። «የተቀረጸችበት ከተማ ስም ነው። እስክንድርያ ማለት ነው፣ አሳጥረው ጽፈውት። ከጎኑ ያለችው ፊደል ደግሞ ከቀራጮቹ የትኛው ክፍል እንደሠራት ለማወቅ ነው። ከእርስዎ ልጅ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተጻፈ ነው።»

«እስክንድርያ፣ የማርቆስ አገር?»

«አዎ።»

«ግብጽ?»

«ግብጽ።»

«ሙሉቀንም ከእስክንድርያ ነው ያመጣሁት ብሏል። እንግዲያ አልዋሸኝም። እንግዲያ አለ» አለችና ሳንቲሞቹን መልሳ ጨርቁ ውስጥ አኖረቻቸው።

እውነቱን ነገርኳትና ተስፋዋን አጸናሁት። ተጨነቅሁ።

«ሳንቲም የት እንደተሠራ ይናገራል እንጂ መቼ ከእጅ እጅ እንደተላለፈ አይናገርም» አልኩ። «ሙሉቀንን፣ መቼ ሰጠህ ብላችሁ ጠይቃችሁታል?»

ፈንታ፣ «ምሥር ብላ የተባለ ሰው ይጠየቃል ወይ?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ተማሪዋ «አለ» ብላ ስታነብ የተሰበሰቡት ሴቶች እልል አሉ፣ «የምሥራች» ተባለ። ትሁንም ወግ ነውና ሙሉቀንን «ምሥር ብላ» ብላ የልጇን ጋቢ ከሳጥን አውጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። የምሥራች የነገረን፣ የተሸለመን ሰው ተመልሶ «እርግጠኛ ነህ?» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ የጠየቀው የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እነዚህ ሰዎች ግን አለመጠርጠራቸው ከጨዋነት የመጣ ስለሆነ መቆጣት አልቻልኩም።

ዳንግላ

ቆሰበር አድሬ በማግስቱ ወደ ዳንግላ ተመለስኩ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በባሕር ዳር የምይዘው አውሮፕላን ነበረኝ። ሙሉቀን ዳንግላ ገበያ መግቢያ ላይ የስልክ ቻርጀርና የሶላር መብራት የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ማንነቴን ሳልነግረው ቻርጀር ጠየቅሁ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀኝ እጁ ላይ የሲሚንቶ ጠባሳ አለ። ከጀርባው፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በንጹሕ ላስቲክ የተጠቀለለ ጥለቱ የሚያምር ጋቢ ተቀምጧል።

«ያ ጋቢ ይሸጣል?» አልኩት።

«አይሸጥም።»

«አትለብሰውም እንዴ? ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው።»

«የእኔ አይዶለም» አለ።

የተሸለመውን ጋቢ የእኔ አይደለም የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። ስሜን፣ ከማን ቤት እንደመጣሁና ሳንቲሞቹን ማየቴን ነገርኩት። እሸሻለሁ ይል ይሆናል ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እሱ ግን ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«ሐሰት ናቸው አሉዋቸው?»

«እውነተኛ ናቸው። የእስክንድርያ ናቸው። አንተም ከእስክንድርያ አመጣኋቸው ብለሃል። እስከዚህ ድረስ አምንሃለሁ። መቼ ሰጠህ?»

ወደ ገበያው እያየ ነገረኝ። እስክንድርያ ባሕሩ ዳር እሱና አለልኝ የሕንፃ መሠረት ይቆፍሩ ነበር። አንድ ቀን አካፋው ከአሸዋው ጋር እነዚህን አወጣ። አለልኝ ፈረሱን ሲያይ ሳቀ፤ የእኔ ፈረስ ነው አለ። ወደ ሊቢያ የሚወስደው ሰው በመጣ ጊዜ ሳንቲሞቹን ለሙሉቀን ሰጠው። «ቀድመኸኝ አገር ከገባህ ለእናቴ» አለው።

«ወሬው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው» አለ ሙሉቀን። «ከጀልባው የተረፈ የቡሬ ልጅ ደውሎልኛል። ሲሰጥም በዓይኑ አይቶታል። እኔ ወደዚህ ስመጣ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ልናገር ነው የገባሁ። ሳንቲሙን አስቀድሜ ሰጠሁ፤ ያቺ ልጅ አነበበች፤ እልል ተባለ። ምሥር ብላ ብለው ጋቢውን ካለበሱኝ በኋላ ምን አፍ አለኝ፣ እትዬ?»

ይህን ሰው አታላይ ነው ብዬ ነበር ከአዲስ አበባ የተነሣሁት። አታላይ አይደለም። ግን ሴትዮዋ በየቀኑ በካፊያ እየቆመች የሚኒባስ መስኮት እንደምታይ ነገርኩት። አላወቀም ነበር። ተነሥቶ ጋቢውን አወረደ።

አውሮፕላኑ አመለጠኝ።

ተመልሶ ቆሰበር

በሚኒባሱ ውስጥ ጋቢው በመካከላችን ተቀመጠ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ «መጣሁ» ብሎ ወረደና በገበያተኛው መሐል ጠፋ። አመለጠኝ አልኩ፤ የልቡን አደረሰ፣ ጋቢውን ለእኔ ጥሎ ሄደ። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ መነጽሬን አውልቄ በመስኮት ስማትር በሩጫ መጣ። እጁ ላይ አንድ እሥር ጧፍ ይዟል። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። በራሴ አፈርኩ፣ ግን አልነገርኩትም።

ትሁን መንገዱ ዳር ቆማ ነበር። ሚኒባሱ ሲቀርብ መስኮቱን ልታይ መጣች። ከውስጥ ሙሉቀንን፣ ከጉልበቱ ላይ ጋቢውን፣ ከጋቢው ላይ ጧፉን አየች። ምንም ሳይነገራት አወቀች። መንገድ ዳር ግን አላስወራችንም፤ «ኑ፣ ወደ ቤት» ብላ ቀደመችን። ሙሉቀን መደቡ ሥር በርከክ ብሎ ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ነገራት። ፈንታም ከማሳው መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሰማ።

«ዓይኔን አላየኸኝም እኮ» አለችው በመጨረሻ። «ያን ዕለት። አውቄያለሁ ልበል? አላወቅሁም ልበል?» ከአንገቷ ጨርቁን አወጣች። «ይህቺ ጽሑፍ እትዬ ሮማን እንዳሉት የአገር ስም ናት። ሳንቲሟ አለ አላለችም። አለ ያልሁ እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ጎረቤቶች እየሰሙ መጡ። እኔም አለቀስኩ፤ የማላውቀውን ልጅ ነው ያለቀስኩት፣ እየወደቀ ያለውን ፈረሰኛ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሙሉቀን ጋቢውን እግሯ ሥር አኖረው። አንሥታ ዘረጋችውና መልሳ ትከሻው ላይ ጣለችው።

«ያኔ ምሥር ብላ ያልሁህ ላልነገርኸኝ ነገር ነበር» አለችው። «አሁን ነግረኸኛል። ልበሰው።»

ማምሻውን ፈንታ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ፈረሱን ይዞ፣ እንደገና በእግሩ። ልጠይቀው ያልደፈርኩትን ራሱ ነገረኝ።

«ጌታው መሞቱ ሳይረጋገጥ ኮርቻው ላይ አልወጣም ብዬ ነው፤ ዛሬም ልቤ አልፈቀደም» አለ። «ሐሰት ናት በሉልኝ ያልሁዎትም መሬት ፈልጌ እንዳይመስልዎ። ክረምቱን ሙሉ መንገድ ዳር ቆመች። ሳንቲሟ ሐሰት ናት ከተባለ እሷ ከብርዱ ትገባለች ብዬ ነው።»

«መስሎኝ ነበር» አልኩት።

«አውቄያለሁ» አለና ሳቅ አለ። «ዓይንዎ ይናገራል።»

ቤቴ

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ፈንታ ደወለልኝ። ተዝካሩ ወጥቷል፤ ሙሉቀንም ከዳንግላ መጥቶ ሲያስተናግድ ውሏል። አስከሬን ስለሌለ ትሁን ካህናቱን ለምና ፈረሰኛዋን ሳንቲም ከባሏ መቃብር አጠገብ አስቀበረቻት። ከሦስቱ ሳንቲሞች በቀር የልጁ እጅ የነካው ነገር ከዚያ አገር አልተመለሰላትምና። ከዚያ ወዲህ ወደ አስፋልቱ አልወጣችም። የቀሩት ሁለቱ ሳንቲሞች ግን አሁንም አንገቷ ላይ ናቸው አለኝ፤ የአንዷ ጽሑፍ ጠፍቷልና ምን እንደሚል እኔም አላውቅም ብያት ነበር፤ እሷም እንዳልታወቀ ይኑር ብላለች።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ መጠርጠርን አልተውኩም። ዛሬም ቆሎ ከማላውቀው ሰው አልቀበልም። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። የዚያ አገር ቀይ አፈር መዳብ ይበላል ብያለሁ፤ ይሁን እንጂ ቶሎ አይጨርሰውም። አንድ ቀን አንድ ሰው እዚያ ሲቆፍር ሳንቲሟን ያወጣታል። እንደ እኔ ያለ ባለሙያ ይጠራል። አጉሊ መነጽሩን ያወጣል፣ ከፈረሰኛው በታች ያሉትን ፊደሎች ያነብና እስክንድርያ ይላል፤ ትክክል ነው። ቀጥሎ፣ የሮማ ነጋዴዎች ድሮ እስከ አዊ ድረስ ይመጡ ኖሯል ብሎ ይጽፋል፤ ያ ደግሞ ስሕተት ነው። ለዚያ ሰው አስቀድሜ ይህን ልጻፍለት፦ ይህቺን ሳንቲም ከእስክንድርያ ወደ ቆሰበር ነጋዴ አላመጣትም። አንድ ልጅ ለእናቱ የላካት ናት።